«አካውንታችሁ ስንት ነው?»፦ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ዌብሳይት እንደገና ሲሠራ

ይህን የምጽፈው ዌብሳይቱ ስላማረ አይደለም። እንዲያውም ከሠራኋቸው ሁሉ መልኩ ተራ የሆነው ይሄኛው ነው። ግን ዲዛይነር ሊሳሳት የሚችለውን አብዛኛውን በዚህ አንድ ሥራ ላይ ተሳስቻለሁ። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው ይጠቅም ይሆናል። የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ድርጅቱ

ድርጅቱ ያለው አዲስ አበባ ዳር ላይ ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ይረዳል። ከፊሎቹ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ። የቀሩት እየቤታቸው ምግብና መድኃኒት ይደርሳቸዋል። ሥራ አስኪያጇ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ከዘበኛው እስከ ቦርድ ሰብሳቢው ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለች። ስልክ የምታነሳውም፣ ደረሰኝ የምትቆርጠውም፣ የፌስቡክ ገጹን የምትይዘውም እሷ ናት።

ለብዙ ዓመት ድርጅቱ የኖረው በአገር ውስጥ ሰው እጅ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ «የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት» ተብሎ የተመዘገበ ተቋም ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ ሲያነሳ ቦርዱ «በሉ እንግዲህ ዓለም ይወቀን» አለ። የመጀመሪያው ዌብሳይት የተሠራው ያኔ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት በነፃ ሠራላቸው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ።

ሲደውሉልኝ የነበረው ችግር

ሲደውሉልኝ ዌብሳይቱ ጭራሽ አይከፈትም ነበር። ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) የተመዘገበው በወጣቱ የግል ኢሜይል ነው። ልጁ ለትምህርት ውጭ ሄዷል። «ዶሜይናችሁ ሊያልቅ ነው» የሚለው ማሳሰቢያ የሚሄደው እሱ መጠቀም ወደተወው ኢሜይል ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ብቻ ቁልፉ የሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ዶሜይኑ «ዶት ኦርግ» ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ከመግዛቱ በፊት ባለቤቱ መልሶ የሚወስድበት የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ያስከፍላል እንጂ። እዚያ ውስጥ ገባን። ልጁንም በቴሌግራም አገኘነው። ቀጥሎ ክፍያው መጣ። በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው፤ ቢሮው ውስጥ ደግሞ የዶላር ካርድ ያለው ሰው የለም። የአንዲት የቦርድ አባል እህት ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ከፈሉልን። አንድ ገጽ ሳልነድፍ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ተከፍቶ ሳየው ደግሞ ሌላ ጉድ። ፊት ለፊት አምስት ትልልቅ ፎቶ እየተፈራረቀ ይንሸራተታል። ሜኑው ላይ 14 ነገር ተደርድሯል። በሞባይል ዳታ ስከፍተው የመጀመሪያው ፎቶ ሳይመጣ ሻይዬን ጨረስኩ።

ቦርዱ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፦ «ዘመናዊ ዌብሳይት» እና «አዲስ ሎጎ»። እሺ አልኩ። ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እሺ ማለቴ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

የሎጎው ነገር

የድሮው ሎጎ ሁለት መዳፍ ነው። መዳፎቹ የኢትዮጵያን ካርታ ይዘዋል፣ ካርታው ውስጥ ልብ አለ፣ ከሥሩ ጥላ ወድቋል። እንዲህ ያለ ሎጎ በየመንገዱ ታውቁታላችሁ። እኔም «ይሄማ የሁሉም ነው» ብዬ ናቅሁት።

ምርኩዝ ሣልኩ። ምርኩዝ የእርጅናም የመደገፍም ምልክት ነው፤ ኮራሁበት። ለቦርዱ ሳሳይ አንድ ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ ይሄ መቋሚያ ነው እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነታቸውን ነው። አናቱ ላይ ያደረግኳት አግዳሚ ቁርጥ የደብተራ መቋሚያ አድርጋዋለች። ግቢው ውስጥ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ።

ቆልመም አድርጌ ከዘራ አደረግሁት። ይዤው ግቢ ስገባ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ እናቶች አዩትና «ይሄማ የአባወራ ነው» አሉኝ። ከሚረዱት ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ።

በመጨረሻ ሲስተር መሳቢያቸውን ከፍተው ክቡን ማኅተም አወጡ። «ይሄ ባንክ ቤት አለ፣ ወረዳ አለ፣ ደረሰኙ ላይ አለ። ሎጎው ሲቀየር ይሄም ሊቀየር ነው። ማነው በየቢሮው የሚዞርልኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

መዳፎቹን አስቀረን። ካርታው፣ ልቡና ጥላው ወጡ። የነበረው ፋይል ወርድ ላይ የተለጠፈ ብዥ ያለ ጄፒጂ ነበር፤ በቬክተር፣ ማለትም ቢያተልቁት በማይደበዝዝ ሥዕል፣ እንደገና ሣልኩት። ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፦ የደረቀ የማኅተም ቀለም ላይ ረግጠን ወረቀት ላይ ስናትም ጣቶቹ ይለያሉ ወይ? በሦስተኛው ሙከራ ተለዩ። ከጎኑ የድርጅቱን ስም በደማቅ ፊደል አደረግን። አለቀ። አምስት ሳምንት ፈጅቶብኝ የደረስኩት ከተነሳሁበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው።

ቀዩ ደብተር

ሥራው ፈር የያዘው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ሲስተርን እየጠበቅሁ የሒሳብ ሠራተኛዋ ክፍል ተቀመጥኩ። ስልኩ ጠራ። አነሳችና ምንም ሳታይ «አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ…» እያለች 13 ቁጥር አወረደችው። ደገመችው። ከዚያ ቀይ ሽፋን ያለው ደብተር ስባ አንድ መስመር ጻፈች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ተደወለ። ያው ቁጥር፣ ያው ዜማ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«ማን እንደደወለ፣ ምን እንደፈለገ። ሲስተር በኋላ ይጠይቁኛል።»

ደብተሩን ለመንኳት። የሁለት ወሩን ጥሪ አብረን ቆጠርን። ከግማሽ በላይ የሆነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አካውንታችሁ ስንት ነው?» ቀጥሎ «ልጄ ልደት አላት፣ ምሳ ለማብላት ቀን አለ?» የሚል። ሙት ዓመትም፣ የሠርግ ማግስትም፣ ምርቃትም አለ። ከዚያ «ቦታው የት ነው? ታክሲው የት ያወርደናል?» ከዚያ «ልብስ ትቀበላላችሁ?» ራዕያችሁና ተልዕኳችሁ ምንድን ነው ብሎ የደወለ አንድ ሰው የለም። በድሮው ዌብሳይት ላይ ግን ራዕይና ተልዕኮ የፊቱን ገጽ ግማሽ ይዘው ነበር። የአካውንት ቁጥሩ ዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ፣ ፒዲኤፍ ላይ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።

ያን ማታ የነደፍኩትን በሙሉ ጣልኩት። ሜኑው አራት ሆነ፦ «መርዳት እፈልጋለሁ»፣ «ምሳ ለማብላት»፣ «ወደ ግቢው ለመምጣት»፣ «ስለ እኛ»። መጀመሪያ «ይለግሱ» ብዬ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ «እንደዛ ብሎ የሚደውል የለም» ስትለኝ አነሳሁት።

ፊደሉ

አማርኛውን ለማስገባት የድርጅቱን አሮጌ ጽሑፎች ጠየቅሁ። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ዌብሳይቱ ላይ ስለጥፋቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲህ ያሉ የድሮ ፎንቶች የላቲኑን የኮድ ቦታ ይዘው የግዕዝ መልክ ያለብሱታል፤ ፎንቱ ሲወልቅ ላቲኑ ይቀራል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ ኮድ፣ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው በ3.0 እትሙ ነው፣ በ1999 እ.ኤ.አ.። በመቀየሪያ ፕሮግራም አለፍናቸውና የቀረውን ስህተት የሒሳብ ሠራተኛዋና እኔ በዓይናችን ለቀምን።

ለገጹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት መረጥኩ። ነፃ ነው፤ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለላቲን የሚበቃው የመስመር ርቀት ለእኛ አይበቃም። የእኛ ፊደል ከላይ እስከ ታች ቦታውን ሞልቶ ይቆማል፤ መስመሮቹ ካልተራራቁ ገጹ የድንጋይ ካብ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ጽሑፍን አታድምቁ። «ጭ» እና «ጿ» አነስ ባለ ስልክ ላይ ሲደምቁ ውስጣቸው ይደፈናል። የግቢውን ጎብኚዎች ደግሞ አትርሱ፤ ብዙዎቹ መነጽራቸውን ቤት ረስተው የመጡ ናቸው።

ካፒታል ሌተር የለንም። እንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል የሚያደርገውን አጽንዖት በምን እናምጣው? መልሱ ከብራና መጣ። ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ስም ሲደርስ ቀይ ቀለም ያነሱ ነበር። እኛም ርዕሶቹን ጠቆር ባለ ቀይ አደረግን፣ የቀረውን በጥቁር ተውነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ የባንዲራ ጌጥ ቀረ። አንድ የቦርድ አባል ትንሽ ከፋቸው። በኋላ ለመዱት።

ፎቶው

በድሮው ዌብሳይት ላይ የነበሩት ፎቶዎች አረጋውያኑ የመጡበት ቀን ፎቶዎች ናቸው። ሰው ከመንገድ ሲነሳ የተነሱ። ከነዚህ አንዱ ባዛር ላይ በትልቅ ባነር ታትሞ ነበር። ፎቶው ላይ ያሉት እማማ ዛሬም ግቢው ውስጥ ናቸው፤ ቡና የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። ባነሩን ማየታቸውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው። «ልጄ፣ ያን ቀን እኮ ጸጉሬም አልተበጠረ። አሁን ለብሼ ልምጣና አንሳኝ» አሉኝ። ገብተው የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ረከቦቱ ከጎናቸው እንዲሆን ፈለጉ። ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ አራተኛውን «ይቺ ትሁን» አሉ። ዛሬ የፊቱ ገጽ ላይ ያለችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣን። ፎቶ የሚነሳ ሰው ቀኑን ቀድሞ ይነገረዋል፣ ፎቶውን አይቶ ራሱ ይመርጣል፣ «አውርዱልኝ» ካለ ያን ቀን ይወርዳል። ነገሩን ማመዛዘን የማይችል የታመመ ሰው አይነሳም፤ ዘመድ ቢፈቅድም።

ሁሉም አልተስማማም። «ደህና ሆነው ከታዩ ማን ይረዳል?» አሉ አንድ የቦርድ አባል። የዋህ ጥያቄ አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሳየው፣ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃቡ ፊልም ዓለምን አነቃንቆ እህል አስመጥቷል። ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ውጭ አገር «ኢትዮጵያ» ሲባል የሚታወሰው ያው ፊልም ሆኖ ቀረ። እንደኔ ድርጅቱ ማሳየት ያለበት የተቸገረውን ሰው ሳይሆን የሚጎድለውን ዕቃ ነው። ስለዚህ «የዚህ ወር ጎደሎ» የሚል አጭር ዝርዝር አስገባን፦ ዘይት፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሳሙና። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከስልኳ ትቀይረዋለች። ከጠበቅሁት በላይ የሠራው ይሄ ነው። ሰው ዝርዝሩን ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፣ ቅዳሜ በመኪና ይዞ ይመጣል።

ገንዘብ የሚላክበት ገጽ

ብዙ ያሰብኩበት ይሄ ገጽ ነው፤ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው።

ገጹ ሲከፈት የባንኩ ስምና የአካውንት ቁጥሩ ይታያል። ቁጥሩ በዓይን እንዲነበብ በአራት አራት ተከፋፍሏል። ከጎኑ «ቅዳ» የሚል ቁልፍ አለ። ሲቀዳ ክፍተቱ ይወጣል፤ ምክንያቱም የባንክ መተግበሪያ ውስጥ ክፍተት ያለበት ቁጥር ሲለጠፍ ጣጣ ያመጣል። ከሥሩ ቴሌብር አለ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ነው የመጣው፤ የድሮው ዌብሳይት ላይ አልነበረም። ቁጥሩ በጽሑፍ ነው እንጂ ፖስተር ላይ አልተሣለም። ፖስተር ላይ ያለ ቁጥር በቀላሉ አይቀዳም፣ ጉግልም ላያገኘው ይችላል።

በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። «ሰዎች እየፈሩ ነው» አለች። ለካ ላኪው ቁጥሩን ሲያስገባ መተግበሪያው የአካውንቱን ባለቤት ስም ያሳየዋል። ባንኩ ጋ ያለው ስም የድርጅቱ ሙሉ ሕጋዊ ስም ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ረጅም። እኛ የጻፍነው ሰው የሚያውቀውን አጭሩን የአማርኛ ስም ነው። ሁለቱ ስላልተመሳሰሉ ሰዉ «ሌቦች ናቸው» ብሎ ይተወዋል። አይፈረድበትም። በሰው ስም የሚለምን የሐሰት ገጽ በሽ ነው። ከቁጥሩ በታች «ሲያስገቡ የሚመጣው ስም ይህ ነው» ብለን የባንኩን ስም ፊደል በፊደል ጻፍን። እንዲህ ያለው ጥሪ ቆመ። አንድ መስመር ናት፤ ከሎጎው አምስት ሳምንት ትበልጣለች።

የውጭው መንገድ ሌላ ነው። መጀመሪያ የካርድ መክፈያ ላስገባ አሰብኩ። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ደግሞም አሜሪካ ያለ ሰው ስጦታው ግብር ከሚከፍልበት ገቢ የሚቀነስለት እዚያው አገር በ501(ሲ)(3)፣ ማለትም በአሜሪካ የግብር ሕግ የበጎ አድራጎት አንቀጽ፣ ለተመዘገበ ድርጅት ሲሰጥ ነው። ሜሪላንድ ያሉት የድርጅቱ ወዳጆች እንዲህ ያለ ማኅበር ነበራቸው። ስለዚህ «አሜሪካ ነኝ» ብሎ የሚጫን ሰው በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። ዓረብ አገር ላሉት የባንክ ማስተላለፊያ መረጃውን በዝርዝር ጻፍን። አንድ ትልቅ ቁልፍ ለሁሉም ይበቃል የሚለውን ሐሳብ እዚህ ተውኩት።

ምሳ ለማብላት

ይህን ገጽ ያጻፉኝ ሲስተር ናቸው። «ረቡዕና ዓርብ ዶሮ ወጥ ተሸክመው ይመጣሉ» አሉ። «የሚጾመው አይበላም፣ የቀረውም በአንድ ሥጋ አይስማማም፤ ያመጣው ሰው አዝኖ ይሄዳል።» ስለዚህ ገጹ በግልጽ ይናገራል፦ የጾም ቀኖቹ እነዚህ ናቸው፤ ሥጋ ካሰቡ የክርስቲያንም የሙስሊምም ለየብቻ ያምጡ፤ ካልሆነ ሽሮና አትክልት ሁሉንም ያስደስታል፤ ጨው ይቀነስ፣ ብዙዎቹ ግፊት አለባቸው።

ከዚህ ጋር ቀን መያዣ ፎርም ሠራሁ። ጊዜዬን የበላው እሱ ነው። የተለመዱት የቀን መምረጫዎች 13ኛ ወር አያውቁም፤ ለጳጉሜ ብቻ ስንት ማታ አመሸሁ። ተሠራ። ማንም አልተጠቀመበትም። ሰው ለልጁ ልደት ቀን የሚይዘው በድምፅ ነው፤ «እግዜር ይስጥልን» ሲባል መስማት ይፈልጋል። ፎርሙን አወጣሁት። አሁን ያለው የወሩ ሠንጠረዥ ነው፤ የተያዘው ቀን «ተይዟል» ይላል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ሰው ክፍት ቀኑን አይቶ ስለሚደውል ንግግሩ አጥሯል።

ሌላ ሥራ ላይ የምጠቀምበት

የ2011ዱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል። ሲስተር ደግሞ ከአዋጁ በላይ ይጠነቀቃሉ። «የአንተ ክፍያ የስንት ሰው ዳይፐር እንደሆነ ታውቃለህ?» ብለውኛል፣ በፈገግታ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሥራ ስይዝ ቀለም ከመምረጤ በፊት ስልክ የሚያነሳውን ሰው እፈልጋለሁ። ደብተር ከሌለው ለአንድ ወር እንዲጽፍ እለምናለሁ። ሎጎ ለመቀየር ሲጠየቅ ማኅተሙን አሳዩኝ እላለሁ። ዶሜይኑን በድርጅቱ ኢሜይል አስመዘግባለሁ፤ የይለፍ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፣ ለዶሜይኑ ከአንድ ዓመት በላይ ይከፈላል። የባንኩን ስም ለማየት ደግሞ እኔው ራሴ አሥር ብር እልካለሁ።

እንግሊዝኛው ገጽ ግን አልተሳካልኝም። ሥራውን ስናስረክብ አምሮ ነበር። የሚያድሰው ሰው ስላልነበረ ያለፈው ዓመት ጎደሎ ላይ ቆሞ ቀረ። መጀመሪያውኑ አንድ የማይለወጥ ገጽ ብቻ አድርጌው ቢሆን ይሻል ነበር። አሁን ወደዚያው እያሳጠርኩት ነው።

ባለፈው ሳምንት ለቡና ጎራ ብዬ ነበር። ቀዩ ደብተር አልቆ ሰማያዊ ተተክቷል። የአካውንት ጥያቄው ቀንሷል፤ አሁን የሚደጋገመው «ያገለገለ ዊልቸር ትቀበላላችሁ?» የሚለው ነው። ሲስተር «እንቀበላለን፣ ጎማው ደህና ከሆነ» አሉ። እማማ ሁለተኛውን ሲኒ እስኪቀዱልኝ ድረስ ስልኬን አውጥቼ እንደዛው ብዬ ጻፍኩት።